የቅዳሜው ቤተ መጻሕፍትና የአማቴ ንፍሮ

ደሴ፣ ግንቦት

በከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚካሄደው የቤተሰብ የሳይንስና የተፈጥሮ መርሐ ግብር አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፤ ልጅ ብቻውን አይገባም። አባትም ሆነ እናት፣ አያትም ሆነ አክስት፣ አንድ አዋቂ አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት መሥራት ይኖርበታል። ይህ ደንብ ቅዳሜን ገበያ ለሚውሉ ወላጆች እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሆኖም የመርሐ ግብሩ ዋና ጥቅም የሚገኘው ከዚሁ ደንብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በትምህርት ቤት የማይገናኙት የልጅ ጥያቄና የአዋቂ ልምድ እዚህ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይገናኛሉና።

ይህን እንዳምን ያደረጉኝ አማቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ኮምቦልቻ ያሳለፉ ባለሙያ ሴት ሲሆኑ፣ ወደ እኛ ከመጡ ወዲህ ንፍሮ በጣዱ ቁጥር «የደሴ እሳት ባቄላ አያበስልም» ሲሉ እንሰማቸዋለን። ከሰሉን ይቀይራሉ፣ ባቄላውን አስቀድመው ይዘፈዝፋሉ፤ ያም ሆኖ ንፍሮው ይዘገያል። አንድ ቅዳሜ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ውሃ ጥዶ ልጆቹ ቴርሞሜትሩን በየተራ እንዲያነቡ አደረገ። ውሃው እየተንተከተከ ሙቀቱ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ቆመ፤ እሳቱ ቢጨመርም ከዚያ አላለፈም። ልጄ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው ብላ ስለ ተማረች መሣሪያው የተበላሸ መሰላት።

ሠራተኛው ማብራሪያውን የጀመረው ከከተማችን ከፍታ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በላያችን ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ሲቀልለት ደግሞ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስት ውስጥ ያለ ባቄላ ደግሞ ከሚፈላው ውሃ ሙቀት በላይ ሊያገኝ አይችልም። አማቴ ይህን ሁሉ በጥሞና ካዳመጡ በኋላ «እንግዲያው ጥፋቱ የከሰሉም የባቄላውም አልነበረማ!» አሉ። ልጄም «እማማ፣ አንቱማ ቀድመው ያውቁት ኖሯል!» አለቻቸው። ያን ቀን ከሁለቱ የትኛዋ ይበልጥ እንደተደሰተች ለመለየት አልቻልኩም።

በሚያዝያ ያደረግነውንም ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 17 አካባቢ፣ በቀትር በትክክል አናታችን ላይ ትሆናለች። የነሐሴው በክረምት ደመና ስለሚሸፈን የሚያዝያውን ጠብቀን፣ በቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ቀጥ ያለ ዘንግ ተከልን። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ሲሆን የዘንጉ ጥላ ከእግሩ ሥር ገብቶ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ዞሯል፤ እስከ ነሐሴ አጋማሽም በዚያው ይቆያል። ልጄ ይህን በራችን ላይ ባለው ምሰሶ እየተከታተለች ትመዘግባለች።

በመደርደሪያው ያሉት የልጆች የተፈጥሮ መጻሕፍት አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ በመሆናቸው፣ ልጆቻችን ፔንግዊንን በሥዕል ለይተው ያውቃሉ። ነገር ግን ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ የሚኖረው በአፍሪካ ቀንድ ብቻ፣ በተለይም በእኛው ደጋማ ምድር መሆኑን የነገራቸው የለም። በየጣሪያው ላይ ሲጮህ እየሰሙ የሚያድጉትን ወፍ ታሪክ አለማወቃቸው ያሳዝነኛል። የመርሐ ግብሩ አዘጋጆች ስለ ጦሳ ተራራ ዛፎችና ስለ ሐይቅ ዓሦች አጫጭር ጽሑፎችን በአማርኛ ቢያዘጋጁ፣ እኔም በማረሙና በመጻፉ ሥራ ለመርዳት ፈቃደኛ ነኝ።

አሁን ለክረምቱ ዝናብ መለኪያ ከፕላስቲክ ጠርሙስ እየሠራን ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ስለሆነ፣ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው የቆርቆሮ ጣሪያ እስከ 400 ሊትር፣ ማለትም 20 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሊጠራቀም ይችላል። ይህን ስሌት የሰሙ አንድ አባት ወዲያውኑ ስለ አሸንዳ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ እንደሚያውሰን ሁሉ ቴርሞሜትሩንም በፊርማ እንዲያውሰን አመለከትኩ። አማቴ በሚቀጥለው ወር ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ 94 ዲግሪውን በገዛ ምድጃቸው ላይ ለማየት ቆርጠዋል።