በየትኛው ፓስፖርት ወጡ?

ስልኬ የጮኸው ሐሙስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደዋዩ ለሁለት ቀን ሥራ ወደ ኢስታንቡል የላክናቸው መሐንዲስ ነበሩ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው። ሲጨነቁ ቀስ ብለው እንደሚናገሩ ስለማውቅ ግን ከአልጋዬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

«እህቴ፣ አናሳፍርም አሉኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ በኮምፒውተራቸው ላይ አይታይም። ካርዱን አሳየኋቸው፤ ስሙም ፎቶውም የእኔ ነው። ቁጥሩ አይገጥምም ይላሉ።»

«ጋሼ፣ የያዙት ፓስፖርት የትኛው ነው?»

ትንሽ ዝም አሉ። «ሁለተኛው ነዋ። የመጀመሪያውን አንቺ ለቆንስላው ሰጥተሽው የለም?»

አዎ፣ ሰጥቼዋለሁ። ከስምንት ቀን በፊት ከማመልከቻ ቅጹ፣ ከሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና ከድርጅቱ የድጋፍ ደብዳቤ ጋር አያይዤ፣ በቆንስላው መስኮት ገብቼ ያስረከብኩት እኔው ነኝ። ደረሰኙ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የኢስታንቡሉን የአውሮፕላን ትኬት በሁለተኛው ፓስፖርት ቁጥር የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ሁለቱንም ሥራ ለየብቻው በትክክል ሠርቻለሁ፤ አንድ ላይ አድርጌ ግን አላየኋቸውም።

የምሠራው የኃይል ማመንጫ ተርባይኖችን በሚጠግን ድርጅት ውስጥ በጉዞ አስተባባሪነት ነው። መሐንዲሶቻችን የሚኖሩት በትውልድ አገራቸው አይደለም። አንድ አገር ላይ በመኖሪያ ፈቃድ ተቀምጠው ከዚያ እየተነሡ ወደ ሌሎች አገሮች ይመላለሳሉ። የአንዱ አገር ቆንስላ ፓስፖርቱን ተቀብሎ ሦስት ሳምንት ሊያቆየው ይችላል። በዚያ ጊዜ ሌላ አገር ያለ ተርባይን ቢቆም ባለሙያው ፓስፖርቱ እስኪመለስ እጁን አጣምሮ መጠበቅ ሊኖርበት ነው። ሁለተኛ ፓስፖርት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለት ፓስፖርት ሲባል ብዙ ሰው ሁለት ዜግነት ይመስለዋል። እዚህ የማወራው ስለዚያ አይደለም። እኚህ ባልደረባዬ ዜግነታቸው አንድ ነው፤ እንግሊዛዊ ናቸው። አንዳንድ መንግሥታት በቂ ምክንያት ያለው ዜጋቸው ሁለት ፓስፖርት በአንድ ጊዜ እንዲይዝ ይፈቅዳሉ። እንግሊዝ ከአሠሪው ደብዳቤ ይዞ ለመጣ ሰው ተጨማሪ ፓስፖርት ትሰጣለች። የጀርመኑ ሁለተኛ ፓስፖርት የሚያገለግለው 6 ዓመት ነው። አሜሪካ የምትሰጠው ደግሞ ከ4 ዓመት አይበልጥም። የማይፈቅዱ አገሮችም ብዙ ስለሆኑ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ መቅረብ ያለበት ለራስ አገር ነው።

ሌላው ምክንያት ማኅተም ነው። ሊባኖስና ሶሪያ ወደ እስራኤል መሄዱን የሚያሳይ ማኅተም በፓስፖርቱ ላይ ያለበትን መንገደኛ ሲመልሱ ኖረዋል። እስራኤል ከ2013 ወዲህ በፓስፖርቱ ላይ ማኅተም መምታቱን ትታ ትንሽ ወረቀት መስጠት ጀመረች። ሆኖም በየብስ የተሻገረ ሰው የጎረቤት አገር የድንበር ማኅተም ስለሚያርፍበት በየት በኩል እንደገባ ያ ብቻውን ይናገርበታል። ስለዚህ የሁለቱን ወገን ጉዞ በሁለት ፓስፖርት የሚለዩ ሰዎች ዛሬም አሉ።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ።

ባልደረባዬ የሚኖሩበት አገር የእንግሊዝን ዜጋ እንኳ ያለ ቪዛ ወይም ያለ መኖሪያ ፈቃድ አያስገባም። ፈቃዱ በመዝገብ ላይ የተያያዘው ደግሞ ከመጀመሪያው ፓስፖርት ቁጥር ጋር ነው። ሲወጡ ይህ ለምን አልታየም? ይህን ጥያቄ ያን ሌሊት ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። መልሱን ያገኘሁት ጉዞአቸውን ከመነሻው ጀምረው አንድ በአንድ እንዲነግሩኝ ካደረግኩ በኋላ ነው። በመነሻው አውሮፕላን ጣቢያ የአየር መንገዱ ሠራተኛ የተመለከተው ቱርክ የምትጠይቀውን ብቻ ነው፤ ቱርክ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ የእንግሊዝን ዜጎች ለአጭር ቆይታ ያለ ቪዛ ታስገባለች። ቀጥሎ ያለው አውቶማቲክ የመውጫ በር የመኖሪያ ካርዳቸውንና ፊታቸውን አንብቦ ተከፈተ፤ ፓስፖርት አልጠየቃቸውም። ስለዚህ በመንግሥቱ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ፓስፖርት ከአገር ወጥቷል። በእውነት ግን በዚያች ሰዓት በቆንስላው መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ቱርክ የገባው ሁለተኛው ነው፤ የሚኖሩበት አገር ደግሞ ይህኛውን ከነመኖሩም አያውቀውም።

የኢስታንቡሉ ሠራተኛ ላይ አልተቆጣሁም። እሳቸውም እንዳይቆጡ ለመንኳቸው። የፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ላይ እያንዳንዳቸው 44 ፊደልና ቁጥር የያዙ ሁለት መስመሮች አሉ። ይህ አሠራር በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ የተወሰነ ስለሆነ በየትኛውም አገር ያለ ማሽን ያነበዋል። ማሽኑ ስሙንና የልደት ቀኑን ያነባል፤ ፈቃድ የሚፈልገው ግን በፓስፖርቱ ቁጥር ነው። ሁለቱ ፓስፖርቶች በስምም በልደት ቀንም አንድ ሆነው በቁጥር ይለያያሉ። በዚያ ላይ መግባት የማይችል መንገደኛ ያመጣ አየር መንገድ ብዙውን ጊዜ ይቀጣል፤ መንገደኛውንም በራሱ ወጪ ይመልሳል። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ወጣት ይህን ሁሉ ጫና በትከሻው ይዞ ነው «አይቻልም» ያለው።

ባልደረባዬ የመጀመሪያው ፓስፖርታቸው ፎቶግራፍ በስልካቸው ላይ ነበራቸው። አሳዩት፤ አልጠቀመም። ይህን የምጽፈው ብዙ መንገደኞች በስልካቸው ባለው ፎቶ ሲጽናኑ ስለማይ ነው። ፓስፖርት ሲጠፋ ለኤምባሲ ቁጥሩን ለመንገር ይረዳል፤ ድንበር ግን አያሻግርም።

«ጋሼ፣ ሆቴል ይመለሱ። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ ነው» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ትንሽ ተኚ» አሉኝ። አልተኛሁም።

ጠዋት አለቃዬ ጉዳዩን ሰምቶ ወዲያው መፍትሔ ያለውን አመጣ። በሁለተኛው ፓስፖርት የጎብኚ ቪዛ በኢንተርኔት እንጠይቅላቸው፣ በሁለት ቀን ውስጥ ይደርሳል፣ ገብተው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነው ያለው። በቅንነት ነው የተናገረው። ሌላ አገር የቆመውን ተርባይን ሠላሳ የሚሆኑ ሠራተኞች ከብበው ይጠብቁ ነበር፤ የእያንዳንዷ ቀን ኪሣራ የሚቆጠረው በእሱ ስም ነው።

እምቢ አልኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ አጥብቄ የተከራከርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ምክንያቴን ላስረዳ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው። በዚያ መንገድ ቢገቡ አንድ ሰው በመዝገቡ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል። አንደኛው ከአገር ወጥቶ ያልተመለሰ ነዋሪ ነው፤ ውጭ የቆየበት ጊዜ እየተቆጠረ ቆይቶ ፈቃዱ ሊሰረዝበት ይችላል። ሁለተኛው የመሥራት መብት የሌለው ጎብኚ ነው፤ እኛ ደግሞ በማግስቱ ወደ ሥራ ልናሰማራው ነው። በዚያ ላይ የቪዛ ቅጾች «ሌላ ፓስፖርት አለዎት?» ብለው የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። የሕንድ ቅጽ ለምሳሌ ይህን ጠይቆ የሌላውን ፓስፖርት ቁጥርና የተሰጠበትን ቦታ ያስሞላል። እዚያ ላይ «የለኝም» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። ከውሸቱ ጋር የሚቀረውም እኔ ወይም አለቃዬ አይደለንም፤ ጣታቸውን ያተሙት ሰው ናቸው።

ሁለተኛ ፓስፖርት ሁለተኛ ማንነት የሚሰጥ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ይገጥሙኛል። በተለይ ስለ ሸንገን፣ በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ስላነሡት የአውሮፓ አገሮች። እዚያ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ መቆየት ይቻላል የሚለውን ገደብ በሁለት ፓስፖርት እጥፍ ማድረግ ይቻላል ብለው የሚጠይቁኝ ጨዋና የተማሩ ሰዎች ናቸው። አይቻልም። ቀኑ የሚቆጠረው በሰውየው ላይ ነው፤ የፓስፖርቱ መለዋወጥ ቁጥሩን አይቀንሰውም። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ድንበሮች ለአጭር ጊዜ የሚመጡ የውጭ ዜጎችን ፊትና አሻራ እየመዘገቡ ነው። ማኅተም የተበታተነበት ዘመን እያለፈ ስለሆነ ያ ሐሳብ በደንብም በተግባርም አያስኬድም።

አለቃዬ ሰማኝ። ፊቱ ጠቁሮ «እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ።

የነበረው መንገድ አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን ፓስፖርት ከቆንስላው አውጥቶ ኢስታንቡል ማድረስ። ቆንስላው ሲከፈት መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ማመልከቻው ከተነሣ በኋላ እንደገና ሲቀርብ አዲስ ክፍያና አዲስ ቀጠሮ እንደሚጠይቅ ጸሐፊዋ ነገረችኝ። የባለቤቱ የውክልና ደብዳቤም ያስፈልግ ነበር። ባልደረባዬ ሆቴላቸው ውስጥ ጽፈውና ፈርመው ላኩት። ከሰዓት በኋላ ፓስፖርቱ እጄ ገባ። ያ ማመልከቻ ያለቀው እዚያው ነው። ቪዛው ሊደርስ አራት ወይም አምስት ቀን ነበር የቀረው።

ፓስፖርቱን በፈጣን መልእክት ላክሁት። የመከታተያ ቁጥሩን በየሰዓቱ እያየሁ ሁለት ቀን አለፈ፤ ቅዳሜና እሑድ ገቡበት። ማክሰኞ ጠዋት ደረሳቸው። ከቱርክ ሲወጡ ያሳዩት የገቡበትን ሁለተኛውን ፓስፖርት ነው። ለአየር መንገዱና ለሚኖሩበት አገር የድንበር ሠራተኛ ያሳዩት ደግሞ የመጀመሪያውን። የትኛውን ለማን እንደሚያሳዩ በወረቀት ጽፌ ልኬላቸው ነበር፤ ወረቀቱን በፓስፖርቶቹ መካከል አድርገው እንደያዙት በኋላ አየሁ። ተርባይኑን ሌላ መሐንዲስ ሄዶ ጀመረው፤ ሥራው ዘጠኝ ቀን ዘገየ።

ቢሮ ሲመጡ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እኔም ካርዴን ይዤ ወጣሁና ፓስፖርቱን አላሰብኩትም፤ የሁለታችንም ነው» አሉኝ። ያን ማለታቸው ደግነት ነው። እኔ ግን የሁለታችን ነው ብዬ አልቀበለውም። ማሰቡ የእኔ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የምበላበት። የእሳቸው ሥራ ተርባይኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ባለ ሁለት ፓስፖርት ባልደረባ አንድ ገጽ አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዱ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሆነ በቀይ ይጻፍበታል፤ ያ ፓስፖርት ከሰውየው ጋር ይኖራል እንጂ ወደ ቆንስላ አይሄድም። ለቪዛ የሚሰጠው ሌላው ነው። ይህን ስጀምር አንዳንድ ቆንስላዎች የመኖሪያ ፈቃዱ ያለበትን ፓስፖርት ካላዩ ማመልከቻ እንደማይቀበሉ አወቅኩ። በዚያን ጊዜ ሰውየው አይጓዝም። አለቃዬ ይህን መጀመሪያ ላይ አልወደደውም፤ አሁን ግን የጉዞ ዕቅድ ሲያወጣ «ቀዩ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እሱ ራሱ ነው። የሠራተኛን ፓስፖርት ድርጅቱ ካዝና ውስጥ ማስቀመጥንም ከለከልኩ። ሐሳቡ ለቁጥጥር ይመቻል ተብሎ መጥቶ ነበር። የሰውን ፓስፖርት መያዝ ግን ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከግዳጅ ሥራ ምልክቶች አንዱ አድርጎ የሚቆጥረው ነገር ነው። ባለቤቱ ይያዘው፤ እኔ ቁጥሩን ልያዝ።

ባለፈው ወር መሐንዲሱ እንደገና ወደ ኢስታንቡል ሄዱ። ሻንጣቸውን ከማስረከባቸው በፊት ከሰልፉ ላይ ሆነው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ላንብብልሽ?»

«ያንብቡልኝ፣ ጋሼ።»

የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አነበቡልኝ። ከፊቴ ካለው ገጽ ላይ በቀይ ከተጻፈው ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁና «እሱ ነው፤ ይሂዱ» አልኳቸው።