በሃርያና የአንዲትን መንደር ሕዝብ እንዴት እንዳጠናሁ

ህንድ ውስጥ ሶሺዮሎጂ ስማር ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት በሰሜን ህንድ፣ በሃርያና ግዛት ያለች አንዲት የስንዴ አብቃይ መንደር ነበር። ማን እንደሚኖርባት፣ ማን ከማን እንደሚጎራበት፣ ማን በማን መሬት ላይ እንደሚሠራ ለማወቅ ነበር ፍላጎቴ።

መነሻዬ እ.ኤ.አ. የ2011 የሕዝብ ቆጠራ ነው። የህንድ ቆጠራ ለእያንዳንዱ መንደር የቤተሰቡን፣ የወንዱን፣ የሴቱን፣ የሕፃናቱንና የሠራተኛውን ቁጥር ለይቶ ያወጣል። ለተማሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ ግን እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሚቆጥር ያላወቀ ሰው ይሳሳትበታል። ማንበብና መጻፍ ይችላሉ ተብለው የሚመዘገቡት ከ7 ዓመት ጀምሮ ያሉት ብቻ ናቸው። ስለዚህ መቶኛውን ያሰላሁት ከዚያ በታች ያሉትን ሕፃናት ከጠቅላላው ቀንሼ ነው። የጎሳዎች ዓምድ ደግሞ ዜሮ ይላል፤ ሃርያና ውስጥ በሕግ የተመዘገበ ጎሳ ስለሌለ በግዛቲቱ መንደሮች ሁሉ ዜሮ ነው።

ትልቁ ክፍተት ካስት ላይ፣ ማለትም ሰው በትውልዱ በሚመደብበት የማኅበረሰብ ደረጃ ላይ ነው። ቆጠራው እ.ኤ.አ. ከ1931 ወዲህ የሁሉንም ካስት ዝርዝር አላሳተመም። ዳሊቶች፣ ማለትም ቀድሞ «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት፣ የሚገቡበት አንድ ዓምድ አለ። የቀሩት ግን፣ ባለመሬቱ ጃት፣ ብራህሚኑ፣ ሸክላ ሠሪው፣ አናጢው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተደባልቀዋል። ይህን ለመለየት በእግሬ ሠፈር ለሠፈር መሄድ ነበረብኝ። በየሠፈሩ ወንዶች ሁካ እያጨሱ የሚመክሩበትን ቻውፓል የተባለ አዳራሽ በካርታ ላይ አሰፈርኩ። ጃቶች የራሳቸው አላቸው፤ ዳሊቶችም በመንደሯ ጠርዝ የራሳቸው አላቸው። ከመንደሩ ሊቀ መንበር ይልቅ የረዳችኝ የአንጋንዋዲዋ ሠራተኛ ነበረች። አንጋንዋዲ እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረ፣ ሕፃናትንና እናቶችን የሚከታተል የመንግሥት ማዕከል ነው። ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስለምትዞር በየትኛው ቤት ስንት ሕፃን እንዳለ በመዝገቧ ይገኛል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የሴቶቹ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሃርያና ለ1,000 ወንዶች 879 ሴቶች ነበሩ፤ ከ7 ዓመት በታች ባሉት ዘንድ ደግሞ 834 ብቻ። የፅንስን ጾታ መርምሮ መንገርን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ቢኖርም፣ ሴት ልጅ እንዳትወለድ ማድረግ አልቀረም። ይህን ቁጥር ከወረቀት ማንበብና በአንድ ግቢ ውስጥ ወንድማማቾች ብቻ ሲጫወቱ ማየት አንድ አይደሉም።

እኛ እስከ ሰባት ቤት ዘር እንደምንቆጥር እነርሱም ጎትራ የሚሉትን የአባት ዘር ሐረግ ይቆጥራሉ፤ በዚያ ላይ የገዛ መንደርን ልጅ ማግባት ነውር ነው። ያነጋገርኳቸው ሚስቶች ሁሉ የተወለዱት ሌላ ቦታ ነው። ሴት በመሆኔ ወጥ ቤታቸው ገብቼ ተቀምጫለሁ፤ አማቶቻቸው በሌሉበት ብዙ ነግረውኛል። ሙሽራ ስለጠፋ ከሩቅ ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍል፣ ከቤንጋልና ከአሳም የመጡም አሉ። እነዚህ ሴቶች የባላቸውን ቤት ቋንቋ እየተማሩ፣ ከወገን ርቀው፣ ካስታቸውን ማንም ሳይጠይቃቸው ይኖራሉ። በመንደሩ ሰንጠረዥ ግን የተቆጠሩት እንደማንኛዋም ሴት ነው።

የህንድ መንግሥት በሚቀጥለው ቆጠራ ካስትም እንደሚቆጠር እ.ኤ.አ. በ2025 አስታውቋል። ወደዚያ ለመሄድ የሚያስቡ ተማሪዎች ሰንጠረዡ እስኪወጣ አይጠብቁ፤ ከሴት አስተርጓሚ ጋር ይሂዱ፣ ከካስት በፊትም «የት ተወለድሽ?» ብለው ይጠይቁ።