በየ12 ደቂቃው የሚገባው ሰውዬ

ቅዳሜ ዕለት ነው የጀመረኝ። ሰዓቱን ወደ ኋላ ከመለሱት ወዲህ ፍራንክፈርት ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ያስበራል። የግብር ፎርሙን ልሞላ ተቀምጫለሁ። ስም ይላል፣ ሞላሁ። አድራሻ ይላል፣ ሞላሁ። የትዳር ሁኔታ ሲል ቆምኩ። ጥያቄው ከብዶኝ አይደለም። ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነው።

ጭርታዬን ታውቁታላችሁ። የማሞቂያው ቧንቧ ቷ ይላል፣ ከዚያ ዝም። ታች ያሉት ሴትዮ ውሃ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ከዚያ ዝም። እዚህ አገር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሩሄሳይት የሚሉት ነገር አለ። የጸጥታ ሰዓት ነው፣ ማንም አይጮህም። የኔ ቤት ግን ሕጉን 24 ሰዓት ያከብራል።

ዘፈን ልክፈት አልኩ። በኅዳር ዘፈን ሆዴን ያባባዋል፣ ተውኩት። ዜና ልክፈት አልኩ። ዜናውን ታውቁታላችሁ፣ እሱንም ተውኩት። ያማረኝ ሰው ነው፤ የሚያናግረኝ ሰው ግን አይደለም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ከሌላ ጋር የሚያወራ ሰው። ግሮሰሪ ውስጥ ከጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጠው ዓይነት።

ይኸው ነገር ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። የአየርላንድ መጠጥ ቤት ድምፅ፣ ከነምድጃው፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ። ከፈትኩት። ብርጭቆ ይጋጫል። እንጨት ይንጣጣል። ሰዎቹ ያጉረመርማሉ። ማንም ከማንም አይጣላም። በስምንት ሰዓት ውስጥ ሒሳብ የሚጠይቅ አንድ ሰው የለም። አሥር ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ እዚሁ ቤቴ፣ ሶፋዬ ላይ፣ እንግድነት ተሰማኝ። እግሬን ሁሉ ሰበሰብኩ።

በኮሮና ጊዜ አንድ ወዳጄ የላከልኝ አንድ ድረ ገጽ ትዝ አለኝ። ሜክሲኮ ውስጥ፣ ሞንቴሬይ ከተማ ያለ ማቬሪክ የሚባል ባር ነው በፈረንጆቹ 2020 የሠራው። ደንበኞቹ ቤት ሲውሉበት የባሩን ድምፅ በየዓይነቱ ለያይቶ አቀረበላቸው። የቀጂው ሥራ ለብቻ፣ የሰው ወሬ ለብቻ፣ የመንገዱ ድምፅ ለብቻ፣ መስኮት ላይ የሚወርደው ዝናብ ለብቻ። አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረግክ የራስህን ባር ትቀምማለህ። ያኔ ወዳጄም አዲስ አበባ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ይዞት ነበር። «እኔ ወሬውን ዘግቼ ቀጂውን ብቻ ነው የምሰማው» ይለኝ ነበር። ወሬ ለማይጠግብ ሰው ይኼ ውሸት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

የኛን ግሮሰሪ እንደዚያ ቢለያዩት ስንት ቁልፍ ይወጣዋል?

አንደኛ ጭብጨባ። ለአድናቆት አይደለም፤ አስተናጋጇ እንድትመጣ ነው። ቀጥሎ ቆርኪ። ሲከፈት ጭስስ፣ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ቅጭል። ከዚያ የቢራ ሳጥን ሲጎተት። ከውጭ «ሶፍት፣ ማስቲካ!» የሚለው ልጅ። ኳሱ፣ ከነኳሱ ደግሞ ከአሰልጣኙ በላይ የሚያውቀው ሰውዬ። ዝናቡም የግድ ነው፣ ግን መስኮት ላይ አይደለም። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው የኛው። ያኔ ማንም ማንንም አይሰማም፣ ሁሉም ግን ማውራቱን አይተውም። መብራት ሲሄድ በአንድ አፍ የሚወጣው «ውይ!» አለ። ሲመጣ ደግሞ ጎል የገባ ይመስላል።

የሒሳቡ ጠብ ለብቻው ትልቅ ቁልፍ ይገባዋል። «በሞቴ እኔ ልክፈል!» «ኧረ ተው!» «የሱን ብር እንዳትቀበዪ፣ እጣላሻለሁ!» ይኼ ድምፅ አየርላንድ ይኑር አይኑር እንጃ፣ ጀርመን ግን የለም። እዚህ አስተናጋጁ አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉም ሰው ለየብቻ ይላል፤ ነገሩ አለቀ።

የፊልም ሰዎች ለሰው ጉርምርምታ ስም አላቸው። አሜሪካኖቹ ዋላ ይሉታል። ከኋላ የተቀመጡት ተዋንያን «ዋላ ዋላ» እያሉ ሲያጉተመትሙ ከሩቅ የብዙ ሰው ወሬ ይመስላል። እንግሊዞቹ ደግሞ «ሩባርብ ሩባርብ» ይላሉ። ሩባርብ እዚህ ኬክ ውስጥ የሚከቱት ኮምጣጣ ግንድ ነው። የኛ ፊልም ሠሪዎች ምን እንደሚያስብሉ አልጠየቅኩም። ግን ምን ፍለጋ ያስፈልጋል? «ታዲያስ፣ ደህና ነህ፣ እግዜር ይመስገን፣ ቤተሰብ፣ ሁሉ ሰላም፣ አንተስ፣ እግዜር ይመስገን» ማለት ይበቃል። ይህን ስንል ደግሞ ማን ሰምቶን ያውቃል?

ብቻ ለወዳጄ ጻፍኩለት። እነሱ በዚህ ወቅት በሁለት ሰዓት ይቀድሙናል፤ ቅዳሜ ምሽት 1 ሰዓት ላይ የት እንደሚገኝ መጠየቅ አያስፈልግም። ካዛንቺስ የነበረችው ግሮሰሪያችን ከሰፈሩ ጋር ከፈረሰች ወዲህ ሌላ ቦታ ለምዷል። (ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው፣ ካዛ ኢንቺስ። ቤቶቹ ሄደው ስሙ ቀርቶ ነበር፤ አሁን ስሙም ጎረቤት አጣ።) ስልክህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና አንድ ሰዓት ያህል ቅዳልኝ አልኩት።

«ምን?»

«ድምፅ።»

«የምን ድምፅ?»

«የቤቱን። አንተ አትናገር፣ ዝም ብለህ ጠጣ።»

«አሞሃል እንዴ?» አለኝ። ቢሆንም ቀዳ።

47 ደቂቃ ነው። በቴሌግራም መጣ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ እንደ ኳስ ዘጋቢ ያንሾካሹካል። «አሁን የሰማኸው የኔ ሁለተኛ ጃምቦ ነው።» «አሁን የወደቀው ወንበር ነው፣ ሰው አይደለም።» አትናገር ያልኩት ሰው ነው እንግዲህ። ከዚያ አንዱ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ መሰለኝ ስልኩን ረሳው። ከዚያ የሚቀጥሉት 12 ደቂቃዎች ናቸው ወርቆቹ።

ሰው ይገባል። እርምጃው ከበድ ያለ ነው፣ ትልቅ ሰው መሆን አለበት። ወንበሮች ይንቋቋሉ፣ «ኖር!» ይላሉ ሦስት አራት ሰዎች። «ኧረ በእግዜር!» ይላል። ማንም ሙሉ በሙሉ እንዳልተነሳ ከዚህ ሆኜ አውቃለሁ፤ ቂጣቸውን ከወንበሩ አንድ ስንዝር አንስተው መልሰዋል። ያ ስንዝር ይሰማል። እውነቴን ነው፣ ይሰማል።

ከጀርባ ደግሞ አንድ ሰው ስለ ዘመድ ልጅ ያወራል። ሽማግሌ ተልኳል። ቤተሰቡ ተስማምቷል። አባትየው እሺ ብሏል። «ልጅቷን ጠርተው ሲጠይቋት ግን» ይላል ሰውየው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን አለች መሰለህ?»

እዚህ ላይ አስተናጋጇ ትመጣለች። «አባት፣ ስልክህ በርቷል እኮ። ከማን ጋር ነህ?»

«ከጀርመን ጋር» ይላል ያ ሞኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሁሉም ሰላምታ ላከልኝ። የማላውቃቸው ሰዎች «አንተ ልጅ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» አሉኝ። አንድ ጋሼ «አግባና ና!» አሉ፤ የትዳር ሁኔታ የሚለው እዚያም ደረሰብኝ። ትንሽ ቆይቶ ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ ሞቅ ብሎት «እነዚህ ሰዎች እኮ» ብሎ አንድ ነገር ሊጀምር ነው። ሌላ ድምፅ በቀስታ አቋረጠው። «ኧረ ወንድሜ፣ እየቀዳ ነው።»

ዝም።

አራት ደቂቃ ዝም። ለካሁት። ፍሪጁ ብቻ ይሰማል፣ ከሩቅ ደግሞ ቴሌቪዥኑ። ጆሮ ጠቢ የሚለውን ቃል ማንም አላነሳም፣ ማንሳትም አያስፈልግም። የደርግን ጊዜ ያየውም ያላየውም እኩል ነው ዝም ያለው። አንዱ ነገሩን ለማለዘብ «ለጀርመን ነው አሉ» አለ። ሌላው «ለመንግሥቱ?» አለ። ሳቅ አለ፣ ግን ሳቁ ቶሎ ቆመ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ወሬው ኳስ ነው። በኳሱም ቢሆን ማንም ማንንም አልተሳደበም። ሁለቱም ቡድን ጥሩ ተጫወተ ተባለ።

በኔ ምክንያት አንድ ሙሉ ቤት ቅዳሜ ማታው ተበላሸበት። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ጽፌ ነበር፣ ወዳጄ «ተወው፣ አራት ሰው ቀድሞ ወጣ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም» አለኝ።

12ቱን ደቂቃ ቆርጬ አወጣኋት፣ እንድትደጋገም አድርጌ ከፈትኩና ወደ ፎርሙ ተመለስኩ። አንድ መስመር አልሞላሁም። የአየርላንዱን እየሰማሁ ቢሆን ሦስት ገጽ እጨርስ ነበር። በፈረንጆቹ 2012 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ 70 ዴሲቤል አካባቢ ያለ መጠነኛ ጫጫታ ከዝቅተኛው ድምፅ ይልቅ አዲስ ሐሳብ ለማፍለቅ ያግዛል፣ 85 ሲደርስ ግን ይረብሻል ይላል። ልኬቱ ልክ ይሆናል። ግን የምንሰማው ቋንቋ የገባን እንደሆነስ? አማርኛውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግኩት። 20 ዴሲቤልም አይሆን። «ሽማግሌ» የምትለዋ ቃል ከሹክሹክታው ውስጥ ተነስታ መጥታ ጆሮዬ ላይ ቁጭ አለች።

ስመጣ ይኼ ከተማ ለኔ የአየርላንዱ ቅጂ ነበር። ኤስ ባን የሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ተሳፍሬ ሁሉም ያጉረመርማል፣ እኔ መጽሐፌን አነባለሁ። እንደዚያ ዘመን አንብቤ አላውቅም። ሰው ሁሉ ጨዋ ይመስለኝ ነበር፣ ሁሉም ቁም ነገር የሚያወራ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ግን ሁለት ሴቶች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጨቃጨቁ ድንገት ሁሉም ነገር ገባኝ። ማሽኑ የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳበላሸው፣ ማን እንደዋሸ። ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅኩት ቀን ነበር። መጽሐፉን ግን ከዚያ ወዲህ አልጨረስኩትም። እስከ ዛሬ ዕልባቱ እዚያው ገጽ ላይ ነው።

እና አሁን የትኛው ነው የናፈቀኝ? የሚገባኝ ጫጫታ ነው ወይስ ያ የማይገባኝ? ቅዳሜ ማታ መልሱን ያወቅኩት መስሎኝ ነበር። እሑድ ጠፋኝ።

እሑድም ቀኑን ሙሉ ከፍቼው ዋልኩ። ሰውየው በየ12 ደቂቃው ይገባል። በየ12 ደቂቃው ይነሱለታል። ምንም አይሰለቸውም። እኔም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ «ኖር» ማለት ጀመርኩ። አንዴማ ከሶፋው ብድግ ልል ቃጥቶኝ ነበር። ልጅቷ ጋ ሲደርስ ደግሞ በየ12 ደቂቃው ምጣዱን ትቼ እሮጣለሁ፣ አሁን እንኳ ይናገር ይሆናል እያልኩ። ወዳጄን ጠየቅኩት፤ ከጀርባው ማን እንደነበረ አላየም። «የምን ልጅ?» አለኝ። እሱ እዚያው ተቀምጦ አልሰማም!

ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ ታች ያሉትን ሴትዮ አገኘኋቸው። ድምፁ ረበሸኝ ሊሉኝ ነው ብዬ ይቅርታዬን አዘጋጀሁ።

«እንግዶች ነበሩዎት» አሉኝ። (ጀርመንኛው ላይ አንቱ ነው የምንባባለው። ያን ያህል ትልቅ ሴት አንቱ ሲሉኝ ዛሬም እሸማቀቃለሁ።)

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ሁለት ቀን ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች በስልክ ቀድቼ ሳዳምጥ ነበር ልል። በጀርመንኛ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል።

«አዎ» አልኩ። «ከአገር ቤት።»

ፊታቸው በራ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲመጣብኝ ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። «ብዙ ናቸው፣ ደግሞ ጨዋታቸው ሲያምር! ምን እያወሩ ነው ያን ያህል?»

ሌላ ምን አውቃለሁ። ስለ ሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። አባትየው እሺ እንዳለ፣ ልጅቷን ጠርተው እንደጠየቋት። የቆሻሻ ከረጢታቸውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«እሺ፣ ልጅቷ ምን አለች?»

«ቅዳሜ ይመለሳሉ» አልኳቸው። «ጠይቄ እነግርዎታለሁ።»