«የሠራተኛ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው እንዴ?»

ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብለው ካሉት ብየዳ ቤቶች የአንዳንዶቹን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። የደመወዝ መክፈያ ይዤ በሄድኩ ቁጥር ይቺ ጥያቄ አትቀርም።

መልሴ አጭር ነው። ኢንሹራንስ ገዛችሁም አልገዛችሁም፣ ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ ዕዳው የአሠሪው ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። አንድ ረዳት ብቻ የቀጠረም ያው ነው።

ዕዳው ስንት ነው? ሕክምናውና መድኃኒቱ በአሠሪው ነው። ሠራተኛው አገግሞ እስኪመለስ፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ ደመወዙ አይቋረጥም፦ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉውን፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ጡረታ የማይከፈልለት ሠራተኛ ጭራሽ መሥራት ካቃተው ደግሞ ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። በወር 8,000 ብር የሚያገኝ በያጅ ከሆነ 480,000 ብር ማለት ነው። ጉዳቱ 30 በመቶ ከተባለ 144,000። ይህን አንዴ ዱብ የሚያደርግ ብየዳ ቤት እዚህ ሰፈር አላየሁም። ላሜራው ራሱ በዱቤ ነው የሚገባው።

«ጡረታ እየከፈልኩ አይደል?» የሚሉኝ አሉ። አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ፤ ጎበዝ። ጡረታው ግን ዘላቂውን የአካል ጉዳት እንጂ የሐኪም ቤቱን ደረሰኝና የተኛበትን ደመወዝ አይከፍልም።

በቀደም አንድ ረዳት አር ኤች ኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለአራት ማዕዘን ብረት) ሲቆርጥ ከግራይንደሩ የተፈናጠረ ብናኝ ዓይኑ ገባ። መነጽሩ እዚያው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አንስቼ አየሁት፤ ተጭሮ ተጭሮ ጉም ሆኗል፣ ላስቲኩም በሲባጎ የታሰረ ነው። ባለቤቱ «ነግሬው ነበር እኮ!» አሉ።

«ጋሼ፣ በጽሑፍ ነው የነገሩት?»

«አንቺ ደግሞ! ብየዳ ቤት ነው እኮ፣ ባንክ መሰለሽ?»

ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ሆን ብሎ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከገባ አሠሪው ተጠያቂ አይሆንም፤ ሕጉ ይህን ይላል። በዚያ መነጽር ግን ማን ፊት ቆመው እንደሚከራከሩ እንጃ።

ወደ ዋጋው ልምጣ። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ዋጋ፣ የሚሰላው በዓመቱ ደመወዝ ድምርና በሥራው አደገኛነት ነው። ቢሮ የምትቀመጠው ጸሐፊ ተመኗ ዝቅ ይላል፤ በያጁ ከፍ ይላል፤ ፎቅ ላይ ወጥቶ የሚገጥመው ይብሳል። ለምሳሌ ያህል ተመኑ 1 ከመቶ ነው እንበል። ባለ 8,000 አምስት ሠራተኞች የዓመት ደመወዛቸው 480,000 ነው፤ አረቦኑ 4,800 ብር ይመጣል። የአምስቱ የዓመት ደመወዝ ከአንዱ ሰው ሙሉ ካሳ ጋር እኩል መሆኑን ልብ በሉ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። በእጅ 8,000 እየተከፈለ መክፈያው ላይ 3,000 ተብሎ ይጻፋል። ግብሩም ጡረታውም አረቦኑም ይቀንሳል፤ አሪፍ ይመስላል። አደጋ ሲመጣ መድን ድርጅቱ የሚያስበው በተነገረው 3,000 ነው፤ ሠራተኛው የሚጠይቀው በ8,000ው። ልዩነቱ ከማን ኪስ ይወጣ? እንደዚህ ያለ መክፈያ ብትሰጡኝ አልፈርምም።

«እሱ እኮ በቁርጥ ነው የሚሠራው፣ ሠራተኛዬ አይደለም» የሚባለውም አለ። በራሱ ኪሣራና ትርፍ የሚሠራ ከሆነ እውነት ነው። በእናንተ ግቢ፣ በእናንተ ማሽን፣ እናንተ ባላችሁት ሰዓት ገብቶ የሚወጣ ከሆነ ግን ስሙን ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡት።

ደግሞ ጠዋት ሠራተኞችን በአይሱዙ ጭናችሁ ኮዬ ፈጬ ገጠማ የምትወስዱ፦ አሠሪው ባቀረበው ማመላለሻ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የደረሰ ጉዳትም የሥራ ጉዳት ነው። የኢንሹራንስ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ፤ ኤጀንቱ ካላነሳው እናንተ አንሱት።