ጳጉሜን የሌለበት ዓመት

ባሕር ዳር፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ዝናቡ ሲጥል ልጆቹ ልብሳቸውን አውልቀው ጣና ዳር እየተሯሯጡ ጠበሉን ተጠመቁ። በትንቢት አቆጣጠር ግን ዛሬ የሚባል ቀን የለም።

ራእይ 11 አንዱን ዘመን በቁጥር 2 አርባ ሁለት ወር ይለዋል፤ በቁጥር 3 ላይ 1,260 ቀን ይላል። 1,260 ለ42 ሲካፈል ድፍን 30 ነው። ምዕራፍ 12 ደግሞ ሦስት ዓመት ተኩል ያደርገዋል፤ ዓመቱ 360 ቀን ሆነ ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለው የኛው ዓመት ነው፣ ጳጉሜን ብቻ የለችበትም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። መስከረም 1 ቀን 2018 ላይ 1,260 ቀን ደምር፤ የካቲት 15 ቀን 2021 ላይ ያወርድሃል። ሦስት ዓመት ተኩል በኛ አቆጣጠር የሚሞላው ግን መጋቢት 1 ነው። የጎደሉት 16 ቀናት ሦስቱ ጳጉሜኖች ናቸው፤ 5፣ 6 (2019 ሉቃስ ነውና)፣ 5። በሦስት ዓመት 16 ቀን የጎደለው በአምስት መቶ ዓመት ሰባት ዓመት ይሆናል፤ ጨዋታው ያለውም እዚያ ላይ ነው።

በጣና ደሴቶች ገዳማት ሱባዔ የሚገባ ሰው ሰባት ቀን ይቆጥራል። የዳንኤል 9 ሰባ ሱባዔ ግን በብዙዎች አነባበብ የዓመት ነው፤ አንዱ ሱባዔ ሰባት ዓመት። እስከ መሢሕ ያለው 7 እና 62፣ ማለትም 69 ሱባዔ፣ 483 ዓመት ይሆናል። እስከዚህ ጠብ ብዙም የለም። ጠቡ ኢየሩሳሌም እንድትሠራ ትእዛዝ የወጣው መቼ ነው በሚለው ላይ ነው። የቂሮስ አዋጅ 538 ቅ.ል.ክ. አለ፤ ዕዝራ 7 ላይ የአርጤክስስ 7ኛ ዓመት፣ 457 አለ፤ ነህምያ 2 ላይ 20ኛ ዓመቱ፣ 445 (ሌሎች 444 ይላሉ) አለ።

ከ457 የተነሣ ሰው 483 ሲቀንስ 26 ያገኛል፤ ዜሮ የሚባል ዓመት ስለሌለ አንድ ጨምሮ 27 ይላል፤ የጥምቀቱ ዘመን ነው ብሎ ያርፋል። ከ445 የተነሣው በዚሁ መንገድ ቢሄድ 39 ላይ ይወድቃል፤ ከስቅለቱ ዘመን ዘግይቶበታል። ስለዚህ ጳጉሜንን ያወጣታል፤ 483 በ360 ሲባዛ 173,880 ቀን፣ በፀሐይ ዓመት 476 ገደማ፣ መድረሻውም 32። ስሌቱ ሁለቱም ጋ ትክክል ነው። የዓመቱን ርዝመት የመረጠው ግን ጽሑፉ አይደለም፤ መድረሻው ቀድሞ ስለታወቀ ነው። በዚህ ላይ እነዚህ ዓመታት በሙሉ የፈረንጅ ናቸው። 27 ሲባል «በ27 ዓ.ም.» ብሎ በኛ የሚጽፍ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ስቷል፤ ይህን ደጋግሜ አያለሁ።

የዳንኤል 8 ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ማታና ጥዋትም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ሰባኪ ዊልያም ሚለር ቀኑን ዓመት አድርጎ ከ457 ቆጠረ፤ ዘመቻው መጨረሻ ላይ ጥቅምት 13 ቀን 1837 ዓ.ም. ላይ ቆመ፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 22 ቀን 1844። ሕዝቡ የክርስቶስን ዳግም ምጽአት ሲጠብቅ አደረ፤ ነጋ። ሌሎች ማታውንና ጥዋቱን ለየብቻ መሥዋዕት አድርገው 1,150 ቀን ይሉታል፤ የሶርያው ንጉሥ አንጥያኮስ መቅደሱን ካረከሰበት ከ167 እስከ 164 ቅ.ል.ክ. ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈልጉታል። (ይህን ታሪክ በኛው መቃብያን የሚፈልግ በከንቱ ይደክማል፤ ከግሪኩ ጋር ስም እንጂ ታሪክ አይጋሩም።)

እምቦጩ ጣናን ሲሸፍን «ስምንተኛው ሺህ አይደል!» የሚለው ሁሉ ዘመኑ ገና የገባ ይመስለዋል። በባሕረ ሐሳብ ክርስቶስ የተወለደው ከፍጥረተ ዓለም 5500 ዓመት ሲሞላ ነው፤ 7000 የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቋራና ጎንደር ላይ ገና ብዙ ነገሥታት ሳይነሡ ማለት ነው። ከሺሁ ግማሹ አልቋል።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ በእንቁጣጣሽ፣ ካህኑ 5500 ላይ 2018 ደምሮ 7518 ይላል። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ማርቆስ ነው።