ከመቀሌ ወደ አሳሌ፦ ጭንቅላት ሲግል

ከመቀሌ ተነስተን በበርሃሌ በኩል ከአሳሌ ጨው ሜዳ አጠገብ ወዳለችው የአፋር መንደር ሐመድ ኤላ ወረድን። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የጀመረው መንገድ የሚያልቀው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው። ደጋ የለመደ ሰውነት ቆላውን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል፤ መኪና ግን ፋታ አይሰጥም።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ 20 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚበላ ራሱም ሙቀት ያመነጫል። የሚያበርደው ደም ነው፤ ደሙን የሚያበርደው ደግሞ ከቆዳ ላይ የሚተን ላብ። ይህን የሚያዘው ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው።

አሳሌ ጨው ሜዳ ላይ አየሩ ከቆዳችን ይበልጥ ስለሚሞቅ ከላብ በቀር መብረጃ የለም። ደረቁ ንፋስ ላቡን ወዲያው ይወስደዋል፤ መንገደኛው «አላላበኝም» እያለ ውሃውን ይረሳል። ስለዚህ የምንጠጣው በሰዓት ነበር፦ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ በሰዓት ከ1.5 ሊትር ሳያልፍ። ባዶ ውሃ ያለ ልክ መጋት የደሙን ጨው ያቀጥናል፣ አንጎልም ያብጣል። በመካከሉ መብላት፣ ወይም አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት) በ1 ሊትር ውሃ በጥብጦ መጠጣት ይበጃል።

አሞሌ ቆራጮቹ ራሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይሠራሉ። ራሱን ሳይሸፍን ፎቶ ሲያነሳ የሚውለው እንግዳ ነው።

ከጥማት ይልቅ ጠባይን እዩ። ሰው ያለ ምክንያት ሲነጫነጭ፣ የዛሬን ቀን ሲሳሳት፣ እግሩ ሲወላገድ ነገሩ አንጎል ደርሷል። ሚዛን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል፣ ሴሬቤለም፣ ሙቀት አይችልም፤ ከሂት ስትሮክ (ሙቀት አንጎልን ሲመታ ከሚመጣው አደገኛ ሕመም) ተርፈው መንገዳገዱ የማይለቃቸው አሉ። «ደህና ነኝ» ቢል አትመኑት፤ የሚመሰክረው ያው የጋለ አንጎል ነው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ መጓዝ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እንዲህ ከሆነ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ የጀሪካን ውሃ እያፈሰሳችሁ በሽርጥ አራግቡ። በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። የአሳሌን ጨው ሐይቅ ውሃ ተዉት፤ ጨው የበዛበት ውሃ ቶሎ አይተንም፣ ቆዳም ያቃጥላል። ፓራሲታሞል እዚህ ዋጋ የለውም፤ ይህ የኢንፌክሽን ትኩሳት አይደለም። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት፣ በአፉም ምንም አትስጡ። መጀመሪያ ማብረድ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም መንዳት፤ በመንገድም ማርጠቡ አይቋረጥ። የብብት ቴርሞሜትር 38 ቢያሳይ አትዘናጉ፣ የውስጡ ሙቀት 40 አልፎ ሊሆን ይችላል።