ሮቨርስ ሪተርንን ሳሎናችን ውስጥ ያቆምንበት መንገድ

ማንቸስተር አጠገብ ባለችው ሳልፎርድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትልቁ ሳሎናችን መጠጥ ቤት ይሆናል፤ ስሙም ሮቨርስ ሪተርን ነው። እንግሊዝ አገር የኖረ ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል። «ኮሮኔሽን ስትሪት» በተባለው ተከታታይ ድራማ ውስጥ የሰፈሩ ሰው የሚገናኝበት፣ የሚጣላበትና የሚታረቅበት ቤት ነው። ድራማው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1960 ተጀምሮ እስካሁን እየታየ ነው፤ በዓለም ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ተብሎም በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። እዚህ አገር በእንዲህ ያለ መጦሪያ (ኬር ሆም) የሚሠራ የአገሬ ልጅ ብዙ ስለሆነ፣ እንዴት እንዳደረግነውና ምን እንዳስተማረኝ ልጻፍ።

መጀመሪያ ስለ ፍቅሩ። ሮቨርስን የወደድኩት ማንቸስተር በመጣሁ ሰሞን ነው። ማታ ከሥራ ስገባ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ፣ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እያነበብኩ አየው ነበር። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደከዳ ብዙ ጊዜ ይምታታብኝ ነበር። መጠጥ ቤቱ ግን ወዲያው ገባኝ። እዚያ ለመግባት ቀጠሮ የለም። ባሏ ጥሏት የሄደውም፣ ከሥራ የተባረረውም፣ ሎተሪ የወጣለትም ያንኑ በር ገፍቶ ይገባል። የተቀመጠው ሁሉ ዘወር ብሎ ያየዋል። ባንኮኒው ጋ ያለችው ሴት ደግሞ ገና አፉን ሳይከፍት የሚወደውን መቅዳት ትጀምራለች። ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው ባልነበረኝ በዚያን ጊዜ ይህን ሳይ ሆዴ ይባባ ነበር። እኔ ጠላ ቤት አጠገብ ነው ያደግኩት፤ ባለቤቲቱ የማንን ሐዘንና የማንን ዕዳ እንደምታውቅ አይቻለሁ። ሮቨርስ ላይም ያየሁት ያንኑ ነው።

የድራማው ፈጣሪ ቶኒ ዋረን የዚሁ አካባቢ ልጅ ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍል ሲተላለፍ ገና 24 ዓመቱ ነው። ዌዘርፊልድ ብሎ የሰየማት ከተማ ሳልፎርድ ራሷ ናት። መንገዱንም ኦርድሳል በተባለው የሳልፎርድ ሰፈር ውስጥ ከነበረውና በኋላ ከፈረሰው አርቺ ስትሪት ነው የቀዳው። የመጠጥ ቤቱ ስምም ከሰማይ አልወረደም፤ ማንቸስተር ዊዚ ግሮቭ ላይ ሮቨርስ ሪተርን የሚባል እጅግ ያረጀ ሕንፃ ነበር፣ በ1958 ነው የፈረሰው። እንግዲህ ዛሬ ዘጠና ዓመት የደፈኑት ነዋሪዎቻችን ድራማው ሲጀመር የሃያ አምስት ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ያደጉበት ሰፈር ዛሬ የለም። እነሱ የሚያውቁት ዓይነት ጠባብ መንገድ፣ በር በበር የተያያዘ ቤትና ማዕዘን ላይ የቆመ መጠጥ ቤት ሳይጠፋ የቀረው በዚህ ድራማ ውስጥ ነው።

ድራማው የሚቀረጽበት ሚዲያሲቲ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ለጉብኝት ሄጄ የሮቨርስ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ጡቡን በእጄ ዳስሻለሁ። ከዚያ በር ጀርባ ግን መጠጥ ቤት የለም። በቴሌቪዥን የምናየው ባንኮኒ፣ ጠረጴዛና ወንበር ያለው ሌላ ቦታ፣ ስቱዲዮ ውስጥ በተሠራ ክፍል ነው። ይህን ሳይ ድፍረት አገኘሁ። ዋናው ሮቨርስ ራሱ በሩ አንድ ቦታ፣ ሳሎኑ ሌላ ቦታ ከሆነ፣ እኛስ ሳሎናችን ውስጥ ልናቆመው ለምን አንችልም?

የመጀመሪያው ሥራ ከኃላፊዋና ከነርሷ ጋር መቀመጥ ነበር። ነርሷ የእያንዳንዳቸውን መድኃኒት አይታ ማን ቢራ እንደሚፈቀድለት፣ ማን ትንሽ ብቻ፣ ማን ጭራሽ እንደማይፈቀድለት ዝርዝር ሰጠችኝ። ዝርዝሩ የሚቀመጠው ከባንኮኒው ኋላ፣ እኔ ብቻ በማየው ቦታ ነው። አልኮል የሌለው ቢራ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ፣ በዚያው አረፋ ይቀዳል፤ ማን ምን እንደሚጠጣ ማንም ከማንም አይለየውም። ለደኅንነት ሲባል ፕላስቲክ ኩባያ ይሁን የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር፤ አጥብቄ ተቃወምኩ። እጀታ ያለው ወፍራም ብርጭቆ ገዛን። የሚንቀጠቀጥ እጅ እጀታውን አጥብቆ ይይዘዋል፤ የድሮው መጠጥ ቤት ብርጭቆም እንዲያ ነበር።

ባንኮኒውን የጥገና ሠራተኛችን ከአሮጌ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሠራው። ከመደበኛው ዝቅ አድርጎ ነው የሠራው፤ ምክንያቱም ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ፊት ለፊቱ ብቻ ሳይሆን ከኋላው ሆኖ እንዲቀዳ ፈልገን ነበር። አሮጌ የድራፍት መቅጃዎች ተገዙ፤ ላያቸው ላይ ኒውተን ኤንድ ሪድሊ የሚል ጽሑፍ ለጠፍን፤ ለሮቨርስ ቢራ የሚያቀርበው የድራማው ጠማቂ ነው። ከዚያ ፎጣ፣ የብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶን፣ ዶሚኖ። ይኸው ነው፤ ዕቃው ብዙ አልፈጀም።

የፈጀብን ክርክሩ ነው። አንድ አዛውንት ሮቨርስ ሦስት ክፍል ነው አሉ፤ ሁሉም የሚገባበት ባር፣ ሻል ያለው ክፍልና ስነግ የምትባለዋ ጠባቧ ክፍል። ከእሳቸው በዕድሜ የሚያንሱት ሴትዮ ደግሞ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። በ1986 በድራማው ውስጥ ሮቨርስ ተቃጥሎ እንደገና ሲሠራ ነው ግድግዳዎቹ ተነሥተው አንድ ክፍል የሆነው። ይህን አውቅ ነበር፤ ግን ዝም አልኩ። ክርክሩ ምሳ ሰዓት አልፎ እስከ ሻይ ሰዓት ቀጠለ፤ ከክፍላቸው ብዙም የማይወጡ ሰዎች ሳይቀሩ ገብተውበት አንዱ ከአንዱ ወገነ። ሮቨርስ ውስጥ የሰው ሁሉ ጨዋታ የሚጀምረው ከጠብ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጫጫታ ሲነሣ ለማብረድ አልሮጥም።

በመጨረሻ ሳሎኑ ጥግ ላይ ተጣጣፊ መከለያ አቁመን ስነግ ሠራንላቸው። ድሮ ሴቶች ከወንዶቹ ባር ተለይተው የሚቀመጡት እዚያ ነበር። በድራማው የመጀመሪያ ዓመታት ኢና ሻርፕልስ፣ ሚኒ ኮልድዌልና ማርታ ሎንግኸርስት ስነጓን ዙፋናቸው አድርገዋት ነበር። ኢና የጸሎት ቤት ጠባቂ ናት፤ የሰፈሩን ኃጢአት ሁሉ ትቆጥራለች፤ ጥቁር ቢራዋን ግን አታስቀርም። ማርታ በ1964 ሌሎቹ ድግስ ላይ እያሉ ብቻዋን እዚያች ስነግ ውስጥ ነው የሞተችው። ነዋሪዎቻችን ያን ማታ የት ተቀምጠው እንዳዩት፣ እናታቸው ምን እንዳለች ይነግሩኛል። መከለያዋ ጀርባ የሚገቡት ሴቶች ዛሬም ወንድ አያስገቡም፤ ምን እንደሚያወሩ እኔም አልጠይቅም።

ቴሌቪዥኑን እናጠፋለን። ከመጀመሩ በፊት ከድሮዎቹ ክፍሎች ትንሽ እናሳይና ይዘጋል፤ ክፍት ከሆነ ሰው ሁሉ ወደ እሱ እንጂ ወደ ጎረቤቱ አይዞርም። የጥያቄና መልስ ውድድር ጨምሩበት ያሉንም ነበሩ። አልወደድኩትም። ትዝታው እየሸሸበት ያለ ሰው መጠጥ ቤት ውስጥ ሊፈተን አይገባም።

ምግቡ ሆትፖት ነው። በድራማው የቤቲ ሆትፖት ከሮቨርስ ስም ተለይቶ አይነሣም፤ ቤቲን ከ1969 ጀምራ የተጫወተችው ቤቲ ድራይቨር በ2011 በ91 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ገጸ ባሕሪዋን ይዛ ቆይታለች። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የበግ ሥጋ፣ በተለይ የአንገቱ፣ ከሽንኩርት ጋር ከሥር ይሆናል፤ መረቅ ይጨመርበታል፤ ከላይ ድንች በስሱ ተቆርጦ ጠርዝ በጠርዝ እየተደራረበ ይሸፍነዋል። ተከድኖ በዝግታ ይበስላል፤ ወደ መጨረሻው ክዳኑ ተነሥቶ የድንቹ ጠርዝ ቡናማ እስኪሆን ይጠበቃል። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቀይ ጎመን አብሮ ይቀርባል። ሥጋው በጣም ስለሚለሰልስ ጥርስ የሌለውም ይበላዋል። ምድጃው ውስጥ በጊዜ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶ በየክፍሉ ሲደርስ፣ እኛ ለምነን ያላወጣናቸውን ያወጣቸዋል። ዓርብ ጾም ስለሆነ እኔ አልቀምሰውም። ጨዉን የሚቀምሱልኝ አንዲት የ88 ዓመት እመቤት ናቸው፤ ማንኪያውን ይዘው ትንሽ ያስባሉ፣ ከዚያ «ገና ነው» ካሉ ገና ነው።

ከሁሉ የበለጠው ግን በሩ ላይ ያለው ስም ነው። በእንግሊዝ የመጠጥ ቤት ባለፈቃድ ስም ከበሩ በላይ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ሮቨርስ ላይ አኒ ዎከር እስከ 1983 ድረስ ነግሣለች፤ በ1985 ደግሞ «ቤት ሊንች» የምትባለዋ ሴት ከአሳላፊነት ተነሥታ የመጠጥ ቤቱ ኃላፊ ሆናለች። እኛም በየዓርቡ የአንድ ነዋሪ ስም ከሳሎኑ በር በላይ እንሰቅላለን። የዚያን ቀን ባለቤቱ እሳቸው ናቸው፤ እኔ አሳላፊ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ «ምን ላድርግልዎ?» ሲባሉ የሚከርሙ ሰው ባንኮኒው ጀርባ ሆነው እንግዳውን «ምን ልቅዳልህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጸጉራቸውን ጠዋት ያሠራሉ። አንድ ጡረተኛ ሹፌር ስማቸው በተሰቀለ ቀን ልጃቸው ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጣ፤ እሳቸውም የሱን ብርጭቆ ቀድተው ሒሳቡን ጠየቁት። እኛ ገንዘብ አንቀበልም፤ የዚያን ቀን ግን ልጁ ከፈለ፣ እሳቸውም መልስ ቆጠሩለት።

ሊንችን የተጫወተችው ጁሊ ጉድዪር የመርሳት በሽታ እንዳለባት በ2023 ለሕዝብ ተነገረ፤ በኦገስት 2025 አረፈች። ያን ሳምንት ሴቶቹ ሁሉ፣ ሠራተኞቹም ጭምር፣ ሊንች በምትታወቅበት የነብር ነጠብጣብ ጨርቅ አንገታችንን አሰርን። ሳሎኑ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ያው በሽታ አለባቸው። ያለቀሱም ነበሩ፣ ብርጭቆ ያነሡላትም ነበሩ። አንዲቱ ደግሞ የሊንችን ትልልቅ የጆሮ ጌጦች እያነሡ እስኪመሽ አወሩ፤ እሳቸው ራሳቸው እንዲያ ያለ ጌጥ አድርገው ሲወጡ ባላቸው ምን ይሏቸው እንደነበር ያን ቀን ሰማን።

ይህን ልትሞክሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ በአካባቢያችሁ ድራማ ውስጥ ያለውን መጠጥ ቤት ምረጡ። ለንደን ከሆናችሁ ከ1985 ጀምሮ የሚታየው «ኢስትኤንደርስ» ኩዊን ቪክቶሪያ አለው፤ ዮርክሺር ላላችሁ ከ1972 ጀምሮ የቆየው «ኤመርዴል» ውልፓክ አለው። ምንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ነዋሪ ባንኮኒው ጋ ማንን እንደሚያስታውስ ጠይቁ። እኛ ጋ አኒ ዎከርን የሚሉ የ1960ዎቹ ሰዎች ናቸው፤ ሊንችን የሚሉ የ80ዎቹ፤ ጃክና ቬራ ዳክዎርዝን የሚሉ የ90ዎቹ። ግድግዳው ላይ የምትሰቅሉት ፎቶ፣ የምታሰሙት ዘፈን፣ የምትቀዱት መጠጥ ሳይቀር ከዚያ መልስ ነው የሚነሣው። የእኛው ሳሎን ሦስቱንም ወገን ስለያዘ ሦስቱንም ሰቅለናል፤ የማንኛው ፎቶ መሐል ይሁን የሚለው ጭቅጭቅ ገና አላለቀም።